በጆሮ የተፈተሹ ጠመንጃዎች

ሰውየውን ሰፈሩ ሁሉ «ባለጆሮው» ይለዋል። እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያውቀው የመታወቂያ ወረቀቱ ብቻ ነው።

ቅጽል ስሙን ያገኘው ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት ነው። ከአንድ ወዳጁ ጋር በመንገድ ሲያልፍ የጎረቤት ግድግዳ አጠገብ ድንገት ቀጥ ብሎ ቆመና «እዚህ ቤት ጋዝ ያፈሳል» አለ። ወዳጁ «ቀጥል ባክህ፣ ምሳ ሊያመልጠን ነው» ቢለው እሺ አላለም፤ በሩን ደበደበ። ገብተው ሲያዩ የምድጃው ቱቦ ተሰንጥቋል፣ ሕፃን አልጋ ላይ ተኝቷል፣ የቤቱ እመቤት ደግሞ ክብሪት ይዛ ልትጭር ነው። ከዚያን ቀን ወዲህ አየር የሚይዝ ዕቃ ሁሉ፣ ብስክሌቱም ምድጃውም መንፊያውም፣ ወደ እሱ ሱቅ ይመጣል። ሌላው ጠጋኝ የሳሙና ውሃ ቀብቶ አረፋው ከየት እንደሚወጣ እያየ ቀዳዳ ይፈልጋል። በእሱ ሱቅ ግን ሳሙና የሚባል ነገር አይታይም፤ «ሳሙና ለልብስ ነው» ይላል። ዕቃውን ወደ ጆሮው ያስጠጋል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ከዚያ በጣቱ ይጠቁማል። ተሳስቶ አያውቅም ነበር።

«ነበር» መባሉ ያለ ነገር አይደለም። ከአንድ ዓመት ከመንፈቅ ወዲህ ባለጆሮው አይሰማም። ሰው ሲያወራ ይሰማል፣ መኪና ሲያልፍ ይሰማል፣ ሚስቱ ስትቆጣማ ሦስት ቤት አልፎ ይሰማል። የጠፋበት ቀጭኑ ድምፅ ነው፤ የፉጨት ጫፍ፣ የትንኝ ጥዝታ፣ ፀጉር በምታህል ስንጥቅ የምታመልጥ አየር። ይህን ለማንም አልተናገረም። እንደ ወትሮው ዕቃውን ወደ ጆሮው ያስጠጋል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ከዚያ ይገምታል። የሃያ ዓመት ልምድ ቀልድ አይደለምና ግምቱ አብዛኛውን ጊዜ ይይዛል።

ቅዳሜ ከጧቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ታናሽ እህቱ የአየር ጠመንጃዋን በፎጣ ጠቅልላ ገባች። ሃያ አራት ዓመቷ ነው፣ ቤት ውስጥ ግን እስከ ዛሬ «ሚጣ» ናት። አባታቸው ሲሞት የሰባት ዓመት ልጅ ስለነበረች ያሳደጋት እሱ ነው። «ወንድም ጋሼ» ትለዋለች፣ ከአፉ የወጣውን ሁሉ ታምናለች። የዛሬው መዘዝም የመጣው ከዚሁ እምነት ነው።

«ስምንት ሰዓት ላይ የክለቡ የመሳሪያ መመዝገቢያ ጠረጴዛ ይዘጋል» አለች፣ ፎጣውን እየፈታች። «ከዚያ በፊት ሁለት ነገር እፈልጋለሁ። መሳሪያው ይጠገንልኝ፤ ደግሞ አንተ ጻፍልኝ።»

«ምን ብዬ ነው የምጽፈው?»

«ባለፈው እሁድ የተበላሸው መሳሪያው እንጂ እኔ እንዳልሆንኩ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ሚጣ ዒላማ ተኳሽ ናት። የክለቡ ምርጫ ሁለት ዙር ነው፤ የመጀመሪያው እሁድ አልፏል፣ ሁለተኛው ዛሬ ነው፣ የሁለቱ ነጥብ ይደመርና ሁለት ሰው ብቻ ያልፋል። እሁድ ዕለት የመጀመሪያዎቹን አርባ ጥይቶች ዒላማው እምብርት ላይ ስትከምር ቆይታ፣ የመጨረሻዎቹ ሃያ እየወረዱ እየወረዱ ከክቡ ወጡ። በዚያ ውጤት ዛሬ አንድም ባትስት አታልፍም። አንድ መውጫ አለ፤ ጥፋቱ የመሳሪያው እንደነበረ መሳሪያውን ፈትሾ ያሳለፈው ባለሙያ ራሱ በፊርማው ካረጋገጠ፣ የእሁዱ ዙር ይሰረዝና እንደገና ትተኩሳለች። የሌላ ሰው መሳሪያ ልትዋስ አትችልም፤ ሚጣ ግራኝ ናት፣ ክለቡ ውስጥ ለግራኝ የተሠራው ጠመንጃ ይኸው የእሷው ብቻ ነው። ፈትሾ ያሳለፈው ባለሙያ ደግሞ ወንድም ጋሼ ነው። ከእሁዱ ዙር በፊት በነበረው ሐሙስ የክለቡን አሥራ አንድ ጠመንጃዎች አንድ በአንድ ወደ ጆሮው አስጠግቶ በያንዳንዳቸው ላይ ፊርማው ያለበት ወረቀት አንጠልጥሏል።

«የሌለ ነገር አልጽፍም» አላት። «እሁድ ማታ ነግሬሻለሁ። መሳሪያው ንጹሕ ነው። ከአርባ ጥይት በኋላ እጅሽ ይዝላል፤ ትንፋሽሽንም አትቆጣጠሪም።»

«እሱን ብለኸኝ ሳምንቱን ሙሉ ውሃ የሞላ ጀሪካን በአንድ እጄ ዘርግቼ ስይዝ ሰነበትኩ። ክንዴ እስኪንቀጠቀጥ።» ጠመንጃውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። «አሁን ግን ይኼን እየው።»

ከበርሜሉ ሥር የተጋደመው ቱቦ የታመቀ አየር የሚይዘው ነው፤ ጥይቱን የሚገፋው ያ አየር ነው። ጫፉ ላይ የግፊት መለኪያ አለ። ሚጣ መስታወቱን በጥፍሯ ቆርቆር አደረገችው። ሁለት መቶ ላይ ቆሞ የነበረው መርፌ ደንግጦ መቶ ሃያ ላይ ወረደ።

«መርፌው ይጣበቃል። እሁድም ሙሉ ነው ሲለኝ ነበር። ትናንት ሞልቼ ነው ያሳደርኩት፤ ሰማንያው የት ገባ?»

የባለጆሮው አፍ ከሐሳቡ ቀድሞ መለሰ፦ «መለኪያው ከዋሸ፣ ትናንትስ ሁለት መቶ እንደነበረ በምን አወቅሽ?»

«እሺ፣ ስማው። እኔ እንኳን እሰማዋለሁ።»

ጠመንጃውን አነሳና ወደ ጆሮው አስጠጋ። ዓይኑን ጨፈነ። ውስጡ ጭጭ ያለ ነው፤ ጥጥ የተጎሰጎሰበት ያህል። ከመንገድ የብስክሌት ደወል ይሰማዋል፣ ከጓዳ የሚስቱ የሽንኩርት መክተፊያ ይሰማዋል፣ እጁ ላይ ያለው ነገር ግን አይተነፍስም። እህቱ ትክ ብላ ታየዋለች። እዚህ ጋ «አይሰማኝም» ማለት ሁለት ሰከንድ የማይፈጅ ነገር ነበር። ሰው ግን ለሁለት ሰከንድ እፍረት ሲል ስንት ጣጣ ይሸከማል!

«አዎ፣ ሰማሁት» አለ ዓይኑን ገልጦ። «ከኋላ ነው። ከማስፈንጠሪያው በላይ ያለው ጎማ።»

«ለእኔ ከፊት መሰለኝ።»

«አንቺ ተኩሺ፣ እኔ ልስማ።»

ሚጣ ፎጣዋን አጥፋ ቁጭ አለች። ወንድም ጋሼ ከኋላ ነው ካለ ከኋላ ነው።

የኋላውን ጎማ ለመቀየር አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀ። ቱቦው አየሩን እንደያዘ ተነጠለ፣ ትንንሽ ብሎኖች በቅደም ተከተል ወጡ፣ ጸደይዋ እንዳታመልጥ በጨርቅ ተሸፈነች፣ አሮጌው የጎማ ቀለበት በመርፌ ጫፍ ተነቀለ። ቀለበቱን በብርሃን አገላብጦ አየው፤ ምንም አልሆነም፣ እንደ አዲስ ነው። ይህን ሲያይ ላብ በጀርባው ወረደ። ቢሆንም አዲሱን ከተተ፣ በትክክለኛው ቅባት አራሰው፣ ብሎኖቹንና ቱቦውን መለሰ። «በቃ፣ ሞተ» አለ፣ ትንፋሹን ማለቱ ነው።

ሚጣ ጎንበስ ብላ ጆሮዋን አስጠጋች። ቀና ስትል ፊቷ ተለውጧል።

«ያው ነው ወንድም ጋሼ። ከፊት ነው፣ ከክዳኑ ጋ።»

አምስት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ከሱቁ እስከ ተኩስ አዳራሹ የሃያ ደቂቃ መንገድ ነው፤ ቱቦውን በእጅ መንፊያ ለመሙላት ደግሞ ግማሽ ሰዓት ይፈልጋል። «ለአሰልጣኙ ልደውልና ጊዜ ልለምነው» ብላ ወደ መንገድ ወጣች።

ባለጆሮው ብቻውን ቀረ። ንዴቱ በራሱ ላይ ነው፣ የሚወጣው ግን በዕቃው ላይ ሆነ። ቱቦውን ከጠመንጃው ነጥሎ ሞርሳው ላይ አሰረው፤ የፊት ክዳኑ ወደ ጓዳው በር ዞሯል። በዚህ ሥራ ላይ አንድ ሕግ አለ፣ ለጀማሪ ሁሉ መጀመሪያ የሚነገረው፦ አየሩ ሳያልቅ ክዳን አትፍታ። የታመቀ አየር ያለበትን ቱቦ የከፈተ ሰው ክዳኑን በእጁ አያገኘውም፤ ክዳኑ ያገኘውን ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ትንሿን ማስተንፈሻ ብሎን ላላ ያደርጋሉ፣ አየሩ ይወጣል፣ ሲጨርስ ዝም ይላል። መለኪያውን ማመን ስለቀረ ዛሬ የሚታመነው ይኸው ዝምታ ብቻ ነው።

ብሎኗን ላላ አደረገ። ጠበቀ። ዝም ነው። እንዲያውም ገና ሲጀምርም ዝም ነበር። በልቡ እስከ መቶ ቆጠረ፣ ትንሽ ጨመረ፣ «ይበቃዋል» አለ። መፍቻውን ክዳኑ ላይ አስገብቶ ሲያዞር እምቢ አለው። ሌላ ቀን ቢሆን እምቢ ያለ ክዳን ምን እንደሚል ያውቅ ነበር። ዛሬ ግን «ዝገት ነው» አለ። ቁመት ያለው ብረት ቧንቧ አምጥቶ የመፍቻው እጀታ ላይ ሰካና በሙሉ ክብደቱ ተጫነው። ክዳኑ ቀስ ብሎ ሩብ ዙር ሄደለት። ደስ አለው። እንደገና ተጫነ። ግማሽ ዙር።

«ወንድም ጋሼ! አቁም! እየጮኸ ነው እኮ!»

ሚጣ ከመንገዱ በር ላይ ናት። ጩኸቷን ሰማ፤ ግራ ተጋብቶ ዞረ።

«ምኑ?»

ዘላ ገብታ የእጁን አንጓ በሁለት እጇ ያዘችና ከቧንቧው ላይ አላቀቀችው። በዚያው ቅጽበት የጓዳው መጋረጃ ተገለጠና ሚስቱ ቢላዋዋን እንደያዘች ብቅ አለች። «ምንድን ነው ጩኸቱ?» ክዳኑ የተደገነው ልክ ደረቷ ላይ ነው።

«እትዬ፣ ዞር በይ! ወደ ጎን!» አለች ሚጣ። ሚስትየዋ ምክንያት ሳትጠይቅ ወደ ጎን ተሳበች።

ሚጣ እጁን ሳትለቅ ወደ ቱቦው ጎንበስ ብላ ታዳምጣለች። ባለጆሮው በርጩማው ላይ ተቀመጠ። በዓይነ ሕሊናው ክዳኑ ተፈናጥሮ መጋረጃውን ሲበሳ አየና ቆሌው ተገፈፈ። ሃያ ዓመት አብራው የኖረችው ሴት፣ በገዛ ሱቁ፣ በገዛ እጁ!

«ዝገት መስሎኝ ነው» አለ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

ሚጣ እጁን ለቀቀች። ከጀርባው ዞራ ስትሄድ ተሰማው፤ ምን ልታመጣ ይሆን ብሎ አልዞረም። ሚስቱን ነበር የሚያየው። ሚስቱ መጀመሪያ ግንባሯን አጠቋቆረች፣ ከዚያ በትከሻው አሻግራ አየች፣ ከዚያ አፏን በመዳፏ ያዘች። ያኔ ዞረ። እህቱ ከጆሮው አንድ ክንድ ርቃ ቆማለች። ጥርሶቿ ገጥመዋል፣ ከንፈሯ ተከፍቷል፣ ደረቷ ቀስ እያለ ይወርዳል። እንደሚያፈስ ጎማ «ስስስ» እያለችበት ነበር።

አፏን ስትዘጋ ዓይኗ እንባ ሞልቷል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

ባለጆሮው ሊዋሽ አሰበ፤ ግን የሚዋሸው አጣ። «ዓመት ከመንፈቅ።»

«ሐሙስ ዕለትስ?»

«ሐሙስም።»

«እሁድ ማታ 'እጅሽ ነው' ስትለኝስ?»

አንገቱን ደፋ። ሚጣ አንጀቷ ቅጥል ብሎ ጠረጴዛውን በቡጢ መታችው፤ ብሎኖቹ ዘለሉ። «እኔ እኮ ይቺን እጄን ስረግም ነው የሰነበትኩት! ልተወው ነበር እኮ! አሰልጣኙ ቢለኝ አላምነውም፤ አንተ ስላልክ ግን…»

ሚስቱ ቢላዋዋን አስቀመጠች። «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም አሉ» አለች። «እኔስ ጠርጥሬ ነበር። ሰፈሩም ይንሾካሾካል። ምን ያደርጋል፣ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።» ቆጣ ብላ የጀመረችው ንግግር መጨረሻው ላይ ሳሳ። «በሉ አሁን ሰዓቱ እየሄደ ነው፤ መላቀሱ ማታ ይደርሳል። ምን ላምጣ?»

«ሳሙና» አለ ባለጆሮው።

ሚጣ እየሰማች፣ እሱ ማስተንፈሻ ብሎኗን እያዞረ፣ ቱቦው ሌላ ሰባት ደቂቃ ሙሉ ተነፈሰ። «አሁንም… አሁንም… ቀጥን አለ… ጠብቅ… አሁን ሞተ።» ሞተ ስትል ሃያ ቆጠሩ። ከዚያ ክዳኑ በሁለት ጣት ተፈታ። መጥፎውን ጎማ ለማግኘት ክዳኑን መልሰው ትንሽ ነፉበትና ሚስቱ ያመጣችውን የሳሙና ውሃ በቡሩሽ ቀቡት። ክዳኑ ላይ ባለው የአየር መሙያ ቫልቭ አረፋ ተንተከተከ፤ ልጅ እንኳን የሚያየው አረፋ። እንደገና አስተነፈሱትና ባለጆሮው የጎማ ቀለበቱን አወጣው። ዳሩ ላይ የጥፍር ጫፍ የምታህል ቁርጥ አለች።

ያቺን ቁርጥ ሲያይ ማን እንዳደረጋት ወዲያው አወቀ። ይህ ቀለበት ወደ ቦታው የሚሄደው በተሳለ የብሎን ጥርስ ላይ አልፎ ነው፤ ጠንቃቃ ሠራተኛ ጥርሱን በፕላስቲክ ጠቅልሎ ያሳልፈዋል። ሐሙስ ዕለት የሚጣን ቀለበት በአዲስ ሲቀይር፣ አሥራ አንድ ጠመንጃ ወረፋ ይዞ፣ እሱ ቸኩሎ፣ ሳይጠቀልል ገፋው። ቢሰማ ኖሮ ያኔውኑ ይሰማው ነበር። በዚያ ልክ የቀረው ቀለበት አንድ ነው። ፕላስቲኩን ጥርሱ ላይ ሲጠቀልል ሁለት ጊዜ ፈታና እንደገና ጀመረ። ሦስተኛው ላይ ቀለበቱ ጥርሱን አልፎ ጎድጓዳው ውስጥ ቁጭ አለ። ሞልተው ሳሙና ቀቡት፤ አንድም አረፋ የለም። ሚጣ ጆሮዋን አስጠጋችና ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። ሰባት ሰዓት ከሃያ።

በመንገድ ላይ ግማሹን ሳይነጋገሩ ሄዱ። ከዚያ ሚጣ ወደ ፊት እያየች እንዲህ አለችው፦ «ቀለበቱ እሁድ በውድድሩ መሃል ነው የተቆረጠው ብለህ ጻፍ። ማን ያውቃል? ለእኔም ይሆናል፣ አንተም እንጀራህን አታጣም።»

«ተናደሽብኝ የለም እንዴ?»

«ተናድጃለሁ። መናደድና ወንድሜን ማዋረድ ለየቅል ነው።»

ባለጆሮው ባዶውን የማረጋገጫ ወረቀት በኪሱ ውስጥ ጨበጠው። ነገሩ ለሚጣ በቂ ነው፣ እውነቷን ነው። ለእሱም በቂ ነበር። ግን አዳራሹ ውስጥ አሥር ጠመንጃዎች ፊርማውን በአንገታቸው አንጠልጥለው ተቀምጠዋል።

የመሳሪያ ተቆጣጣሪዋ መነጽር ያደረገች ጭምት ሴት ናት፤ ቀስ ብላ ነው የምትናገረው። ባለጆሮው ከንፈሯን እያየ ተከተላት። ቀለበቱን በትንሿ መብራት አገላብጣ አየችው፣ ወረቀቱንም አየች። ወረቀቱ ላይ ገና ምንም አልተጻፈም።

«አንድ ጥያቄ ብቻ» አለች። «ሐሙስ ሲፈትሹት ይህ ቁርጥ ነበረ ወይስ አልነበረም?»

ሚጣ ከጠረጴዛው ሥር እግሩን ረገጠችው።

«ነበረ» አለ።

«ታዲያ እንዴት አለፈዎት?»

ከኋላው የሚጠብቁ ተኳሾችና ወላጆች አሉ። አሰልጣኙም በቅርብ ቆሟል። ባለጆሮው ጉሮሮውን ጠረገ፤ ድምፁ ካሰበው በላይ ጮኾ ወጣ። «እኔ የምፈትሸው በጆሮዬ ነበር። ጆሮዬ ከቆመ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል። ሐሙስ ምንም አልሰማሁም፤ ዝም ስላለኝ ደህና ነው ብዬ ፈረምኩ። ቀለበቱን የቆረጥኩትም እኔው ነኝ። የሌሎቹም አሥሩ እንዲሁ ነው የተፈረመላቸው። ሳይፈተሹ አይተኮስባቸው።»

አዳራሹ ተንጫጫ። አንዱ አባት «ልጄን በዚህ ሰው እጅ ነው የሰጠሁት?» ሲል ሰማው፤ የዚህን ሰው ድምፅ ባይሰማ በወደደ። ፊቱ እንደ ፍም ጋለ። ተቆጣጣሪዋ ግን እስክሪብቶዋን አንስታ ያለውን ሁሉ ቃል በቃል ጻፈችና እንዲፈርም አዞረችለት። ከዚያ እጇን ዘረጋች። ክለቡ የሰጠውን የፈታሽነት ማኅተም እየጠየቀችው እንደሆነ ሲገባው ከኪሱ አውጥቶ ሰጣት።

«የእሁዱ ዙር ተሰርዟል» አለች። «ልጅቷ ሁለቱንም ዙር ዛሬ በተከታታይ ትተኩሳለች። እርስዎ ደግሞ መሄድ ይችላሉ።»

«ልሂድ?» አለ። «ሳሙናውን ማን ይቀባል?»

ተቆጣጣሪዋ ከመነጽሯ በላይ አየችው። ባልዲ እንዲመጣ አዘዘች።

ውድድሩ አንድ ሰዓት ዘገየ። ባለጆሮው በጓሮው በረንዳ ላይ እጅጌውን ሰብስቦ፣ ተቆጣጣሪዋ አጠገቡ ቆማ፣ አሥሩን ጠመንጃ አንድ በአንድ ሳሙና ቀባቸው። አንዱ አረፋ አወጣ፤ ባለቤቱ ጎረምሳ ተሳደበ፣ ግን እዚያው ከክለቡ መለዋወጫ ጎማው ተቀየረለትና ተቀበለው። ሌላ ሰባት ንጹሕ ሆኑ። ዘጠነኛውም አረፋ አወጣ፣ እሱም ተጠገነ። ውስጥ ተኩሱ ተጀምሯል። ሚጣ መቶ ሃያ ጥይት ይጠብቃታል፣ ሳምንቱን ሙሉ በጀሪካን የደከመ ክንድ ይዛ። እሱ ከዚህ ሆኖ የአየሯን ትንፋሽ ሊሰማ አይችልም። ሰው ሲወጣ በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀና ይልና ጀርባዋን ያያል፤ ጀርባዋ አይነቃነቅም።

አሥረኛውን ጠመንጃ የሚወስድ ሰው አልመጣም። መሙያው ላይ አረፋው እንደ ወተት ገነፈለ፤ ከሁሉም የባሰው ይሄ ነው።

«የማን ነው?» ሲል ጠየቀ።

አሰልጣኙ ቀረብ አለ። «የክለቡ ነው። የምትተኩስበት ልጅ ለቃለች።» ከዚያ አረፋውን እያየ ጨመረ፦ «ለቃለች እንኳን አይደለም፤ አሰናበትናት። ባለፈው ወር። ከሠላሳ ጥይት በኋላ እጇ ይዝላል ብለን። መሳሪያው መፈተሹን አንተ ፈርመህ ነበራ።»

ባለጆሮው ቡሩሹን ባልዲው ውስጥ ጣለው።

አመሻሹ ላይ አሰልጣኙ በዚያ ወፍራም ድምፁ ሁለተኛዋን አላፊ ሲጠራ አዳራሹ በሙሉ ሰማ፣ ባለጆሮውም ሰማ። ሚጣ ናት፤ በአንድ ነጥብ ብልጫ። እየሮጠች ወጥታ አንገቱ ላይ ተጠመጠመችና አለቀሰች፣ እሱም አለቀሰ፣ ይቅርታ አላት፣ እሷም «ቆይ ገና አልጨረስኩህም» አለችው። ከዚያ በእጁ የያዘውን ጠመንጃ አየች። ስለተሰናበተችው ልጅ ነገራት። እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች።

«ከገበያው ጀርባ ልብስ ሰፊ ቤት ገብታለች» አለች። «አውቀዋለሁ። ና።»

ሱቁ ጠባብ ነው። ልጅቷ ከስፌት መኪናው ኋላ ተቀምጣ በደብዛዛው መብራት መርፌ ላይ ክር ታስገባለች፤ በአንድ ጊዜ አስገባችው። ሚጣን ስታይ ፈገግ ልትል ነበር፣ ጠመንጃውን ስታይ ፈገግታዋ ጠፋ።

«ምነው፣ በሰላም?»

ባለጆሮው በመንገድ ላይ ብዙ ቃል ሲያዘጋጅ ነበር የመጣው። አንዱም አልመጣለትም።

«እጅሽ ደህና ነበር የኔ ልጅ» አለ። «አየር የሚያፈሰው ይሄ ነው። መስማት ሲያቅተኝ ደህና ነው ብዬ የፈረምኩት እኔ ነኝ።»

ጠመንጃውን ዘረጋላት። ልጅቷ አልተቀበለችውም። ቀኝ እጇን ከጨርቁ ላይ አነሳችና መዳፉንም ጀርባውንም እያገላበጠች ለረጅም ጊዜ አየችው።